ከመስመር ውጪ የበቀለ

ሙያዋን ለጠየቃት ሰው እውነቱን መናገር ያቆመችው ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜዋ ነው። “በሰው ላይ የሚወጣውን ፈንገስ ነው የማጠናው” ያለች እንደሆነ ከሁለት አንዱ መከተሉ አይቀርም። ወይ ጠያቂው የያዘውን ብርጭቆ ቀስ አድርጎ ከእሷ ያርቃል፣ ወይ ደግሞ ግራ ቀኙን ቃኝቶ ጫማውን ያወልቅና “እስቲ ይቺን አውራ ጣቴን እዪልኝ” ይላል። አንድ ጊዜ ጡረታ የወጣ ባልደረባ ሲሸኝ፣ ሦስት የተከበሩ ሰዎች በተርታ ተቀምጠው ካልሲ ሲያወልቁ ያየ አስተናጋጅ የእግር ውሃ የተጠየቀ መስሎት ሳፋ ይዞ መጥቷል። ከዚያን ቀን ወዲህ “መምህር ነኝ” ትላለች። መምህር የሰው ጥፍር አያይም።

በመሥሪያ ቤቷ ግን መደበቂያ የለም። ፊት ለፊት “ዶክተር” ይሏታል፤ ዞር ስትል “ሻጋታዋ” ናት። ታውቃለች። ስሙ ያን ያህል አልከፋትም። የሚከፋት የምሳ ሰዓት ነበር። የሆስፒታሉ ካፍቴሪያ ውስጥ ትሪዋን ይዛ ስትመጣ ወንበር የሚስብላት አይጠፋም፤ ሁሉም ጨዋ ነው። ግን በተቀመጠች በአምስት ደቂቃ ውስጥ አንዱ ቀጠሮ ትዝ ይለዋል፣ አንዷ ስልክ ይደወልላታል፣ ጠረጴዛው ቀስ በቀስ ይራቆታል። እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ፈትጋ እንደምትመጣ ሁሉም ያውቃል፤ ቢሆንም “ማን ያውቃል” የሚባል ነገር አለ። ኋላ ላይ ምሳዋን በሳህን ይዛ እየወረደች ቢሮዋ ውስጥ መብላት ጀመረች። የት ጠፋሽ ያላት የለም።

ላብራቶሪዋ ምድር ቤት ነው። የልብስ ማጠቢያውን አልፎ፣ የተሰበሩ ተሽከርካሪ ወንበሮች የተደረደሩበት ኮሪደር ሲያልቅ የምትገኝ፣ ቀድሞ የቀለም ማስቀመጫ የነበረች አንዲት ክፍል። የቲቢ ሰዎች ሁለት ፎቅ አላቸው፤ መኪና አላቸው፤ በየግድግዳው ላይ የሚስል ሰው ሥዕል አላቸው። ቲቢ ዘመደ ብዙ ነው። ሻጋታ ግን ወገን የለውም። ሰው በሻጋታ ሞተ ቢባል ማን ያምናል? ሻጋታ የዳቦ ነገር ነው። እሷ በዚያች ክፍል ከአንድ ማሞቂያ ሳጥን፣ ከሁለት ማይክሮስኮፕና ከአንዲት ቴክኒሻን ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። አንድ ሰሞን በዓይን ክፍል የተኙ ሰዎች ዓይን ተራ በተራ ሲጠፋ መንስኤውን ያገኘችው እሷ ነበረች፤ አየር ማቀዝቀዣው ውስጥ ተደላድሎ የሚኖር ሻጋታ ነበር። የምስጋና ወረቀት ተሰጣት። ወረቀቱ ላይ “በባክቴሪያ ምርምር ላበረከቱት አስተዋፅኦ” ተብሎ ተጽፏል። ይታረም ብላ አልጠየቀችም፤ ግን ግድግዳ ላይም አልሰቀለችውም።

ወደዚህ ሥራ ያስገባት አዘኔታ ነው ቢባል ይሻላል። ተማሪ ሳለች አስተማሪዋ አንዱን የመስታወት ሳህን አንስቶ “ይሄ ተበላሽቷል፣ ሻጋታ ገብቶበታል” ብሎ ወደ ቆሻሻው ሲወረውር “የትኛው ሻጋታ?” ብላ ጠየቀች። አስተማሪው ዞር ብሎ አያት። አላወቀም፤ ማወቅም አልፈለገም። ማንም ስሙን ሳይጠይቀው የሚጣል ነገር መኖሩ አሳዘናት። ከቆሻሻው አንስታ ወሰደችው። በዚያው ሄደች።

ውጭ አገር አራት ዓመት ያስተማረቻት ባልቴት ፕሮፌሰር ቃል የማታባክን ሴት ነበረች። በአራት ዓመት ውስጥ ምክር የሚባል ነገር የሰጠቻት አንዴ ነው። “ሻጋታ ሁለት ዓይነት ሰው ያታልላል፤ የሚቸኩለውንና የሚመኘውን” አለቻት። ለችኮላው እንኳ የእኛም አገር ሰው “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” ብሎ ያስጠነቅቃል። ምኞቱን ነው ማንም የማይጠብቀው። ተማሪዋ ይህን ከልቧ ይዛ ተመለሰች፤ ከሚገባው በላይ ሳትይዘው አልቀረችም።

ሥራው መጠበቅ ነው። ከሕመምተኛው የመጣው አክታ ወይም መግል እንደ ጄሊ በረጋ ምግብ ላይ በሽቦ ቀለበት ይዘራል፤ ከዚያ ሳህኑ ተከድኖ ማሞቂያው ውስጥ ይገባል። አንዳንዱ በሦስት ቀን ይበቅላል፣ አንዳንዱ አራት ሳምንት ያስጠብቃል። ችግሩ የሻጋታ ዘር የሌለበት ቦታ አለመኖሩ ነው፤ አየር ላይ አለ፣ እጅጌ ላይ አለ፣ የበሩ እጀታ ላይ አለ። ስለዚህ ዶክተሯ አንድ ሕግ ነበራት። ናሙናው በቀጥተኛ መስመር ይዘራል። መስመሩ ላይ የበቀለ የሕመምተኛው ነው። ከመስመሩ ውጪ የበቀለ ከአየር የወደቀ ነው፤ እሱን “አረም” ይሉታል። አረም ይቀቀላል፣ ይጣላል፣ ሌላ ናሙና ይላክ ተብሎ ይጻፋል። ይግባኝ የለውም።

ይግባኝ የሚሉ ግን ነበሩ። ቴክኒሻኗ ወጣት ሳለች አንድ ቀን ከመስመር ወጣ ብሎ የበቀለ አንድ ክብ አሳየቻትና “ዶክተር፣ ስዘራ እጄ ስቶ ነው መሰለኝ፤ ጠብታ ፈንጥሮብኛል” አለች።

“እጅሽ ከሳተ ድገሚው።”

“ናሙናው አልቋል።”

“እንግዲያው አረም ብለሽ ጻፊ።”

ቴክኒሻኗ ልብስ ማጠቢያው ጋ ሄዳ አልቅሳ ተመለሰች። በኋላ ሲጣራ ነገሩ እውነትም አረም ነበር፤ ከመስኮቱ የገባ። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥራ አንድ ዓመታት ውስጥ ያቺ ሴት “እጄ ስቶ ነው” ብላ አታውቅም። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ይውላሉ፣ የሚነጋገሩት ግን ስለ ቁጥር ብቻ ነው።

ትዳርም ያመለጣት በዚሁ ነው። የመንገድ መሐንዲስ ነበር፤ ደግ፣ ሳቂታ፣ ሦስት ዓመት የታገሰ። መጨረሻ ላይ “አንቺ ለአንድ ሳህን አራት ሳምንት ትጠብቂያለሽ፤ ለእኔ አንድ እሁድ የለሽም” አላት። አሰበችበት፤ እውነቱን ሆኖ አገኘችው። ሌላ አገባ፣ ወለደ። ከዓመታት በኋላ የልጁን ራስ ጭርት ወርሶት ሆስፒታል ይዞት ሲመጣ ናሙናውን የወሰደችው እሷ ናት። ልጁ “እትዬ፣ ያማል?” አላት። “አያምም” አለችው፤ አላመመውምም። ቁጥር ሰጠችው፣ አባቱን በሰላምታ ሸኘችው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ የማሞቂያውን መደርደሪያ ስትወለውል ዋለች።

ይሁን እንጂ ሰው አልነበራትም ማለት አይደለም። አንድ ሰው ነበራት።

እህቷ በዘጠኝ ዓመት ትበልጣታለች። እናታቸው ስትሞት ታናሽየዋ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ታላቅየዋ አሥራ አምስት ዓመቷ። ታላቅየዋ ትምህርቷን ትታ ልብስ ሰፊ ቤት ተቀጠረች፤ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ታናሽየዋን ከስፌት ማሽኑ ሥር አስቀምጣ ፊደል አስቆጠረቻት። “እታለም” ትላታለች ታናሽየዋ፤ ስሟን ጠርታ አታውቅም። እታለምም ታናሽየዋ ዶክተር ሆነች አልሆነች “ሚጡ” ከማለት አልተመለሰችም። እታለም ሩቅ ከተማ፣ የሁለት ቀን የአውቶቡስ መንገድ በሚያስኬድ ቦታ፣ ከአንድ ልጇ ጋር ትኖራለች። ልጅቷ መናኸሪያ ውስጥ ትኬት ትቆርጣለች።

እሁድ እሁድ ይደዋወላሉ። እታለም ቀልደኛ ናት።

“ሚጡ፣ ሻጋታሽ እንዴት ከረመ?”

“ደህና ነው፤ ሰላም ብሎሻል።”

“ልጅ አልወለደም?”

“በቀን ሺህ።”

“እሰይ! ከባል እሱ ተሻለሽ።”

ሳምንቱን ሙሉ የምትስቀው ያንኑ ነበር።

እታለም ሃምሳ አምስት ዓመት ሲሞላት ቲቢ ያዛት፤ መድኃኒቷን በሥርዓት ውጣ ዳነች። ዳነች ይባል እንጂ ሳንባዋ ላይ ቀዳዳ ትቶባት ሄዷል። ስምንት ዓመት ቆይቶ ሳሉ ተመለሰ። ከሳች። መሀረቧ ላይ አልፎ አልፎ የደም ክር መታየት ጀመረ። የከተማው ሐኪም ሦስት ጊዜ መረመራት፣ ሦስቴም የቲቢ ተሕዋስ አጣ። ነገር ግን ራጁ ላይ ቀዳዳ አለ፣ ሳል አለ፣ ደም አለ፤ ስለዚህ ቲቢ ነው ብሎ እንደገና ጀመረላት። አይፈረድበትም። ባለው ዕውቀት ሠራ።

ዶክተሯ በስልክ ውስጥ ያንን ሳል እሁድ እሁድ ታዳምጠዋለች። ከአገሩ ሕዝብ ሁሉ ያንን ሳል ሰምቶ መጠርጠር ያለበት አንድ ሰው ቢኖር እሷ ናት። ቲቢ ለቆት የሄደ ቀዳዳ ባዶ ቤት ነው፤ ባዶ ቤት ደግሞ ተከራይ አያጣም፤ ሻጋታ ይገባበታል። ገብቶ ከሆነ እታለም የምትውጠው መድኃኒት ምንም አይሠራላትም፣ አንድ ቀን ደሙ ሳይቆም ይቀራል። ሻጋታው ከታወቀ መድኃኒት አለው። ታዲያ ለጥንቃቄ ሁለቱንም አብሮ መስጠት አይቻልም፤ የቲቢው መድኃኒት የሻጋታውን መድኃኒት ኃይል ይበላዋል። መምረጥ ያስፈልጋል፤ ለመምረጥ ማወቅ ያስፈልጋል። የእታለም ሕይወት በአንድ ሳህን ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

“እታለም፣ ነይ እኔ ጋ።”

“በዚህ ሳል ሁለት ቀን አውቶቡስ ላይ? ተሳፋሪው በመስኮት ይወረውረኛል።”

“እንግዲያው አክታሽን ላኪልኝ።”

አክታው በጠርሙስ ሆኖ፣ ጠርሙሱ በቆርቆሮ ውስጥ ሆኖ፣ ቆርቆሮው በበረዶ ተከቦ፣ ልጅቷ በምታውቀው ሾፌር እጅ መጣ። እታለም አስቀድማ ደወለች። “ሾፌሩ ምንድነው ሲለኝ ማር ነው አልኩት። ፈጥነሽ ተቀበይው፣ እንዳይቀምስ!” ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፤ ሳሉ ስልኩ እስኪዘጋ አላባራም።

ያንን ናሙና ቴክኒሻኗ እንድትነካው አልፈቀደችም። ራሷ ዘራችው። ሦስት ሳህን። በሃያ ስድስት ዓመት እጇ ተንቀጥቅጦ አያውቅም፤ በሦስተኛው ሳህን ላይ ተንቀጠቀጠ። ተሰምቷታል። ቴክኒሻኗም አይታለች።

በአራተኛው ቀን ሁለቱ ሳህኖች ባዶ ነበሩ። ሦስተኛው ላይ ግራጫ አረንጓዴ፣ እንደ ከፋይ ጨርቅ የለሰለሰ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ክብ በቅላለች። ከመስመሩ አንድ ጣት ያህል ወጣ ብላ። ማይክሮስኮፕ ሥር አየቻት፤ ራሱ ነው፣ የምትጠረጥረው። የዚህ ሻጋታ ክፋቱ፣ ሳንባ የሚበላውም ከመስኮት የሚገባውም እሱ መሆኑ ነው። መልኩ አንድ ነው።

ልቧ ዘለለ። ያስደነገጣትም እሱው ነው። ያቺ ባልቴት የተናገረችው ታወሳት፤ የሚመኘውን ያታልላል። እሷ ደግሞ ተመኝታለች። ከናሙናው በፊት፣ ከወራት በፊት ጀምራ ሻጋታ ይሁንልኝ ስትል ነበር፤ ሻጋታ ከሆነ ታድናታለቻ። እንዲህ የሚመኝ ዓይን ምስክር ይሆናል?

ቴክኒሻኗ ከኋላዋ ቆማ ነበር። “ዶክተር” አለች ቀስ ብላ፣ “እጅዎ ስቶ ይሆናል እኮ። ያን ቀን አይቻለሁ።”

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያቺን ቃል ያወጣችው ገና አሁን ነው፤ ለራሷም ብላ አይደለም።

“ለሌላው ያልሰጠሁትን ለእህቴ አልሰጥም” አለች ዶክተሯ።

እዚህ ላይ ቆሞ መናደድ ይቻላል። ምን ነበረበት? “አላውቅም፣ ሊሆንም ይችላል” ብላ ብትጽፍ ማን ይቀጣታል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ብልህ ሰው ሕግ ሲይዝ ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል። ለሰው ሁሉ ፍትሕ እንዳጎደለች እንዳይቆጠርባት ፈርታ በእህቷ ላይ አጎደለች። መዝገቡ ላይ “አረም፤ ሌላ ናሙና ይላክ” ብላ ጻፈች፤ ወረቀቱንም ለከተማው ሐኪም ላከች። ሳህኑን ራሷ ቀቀለችው።

እሁድ እታለም ደወለች።

“እህሳ ሚጡ፣ ምን አገኘሽ?”

“ምንም አላገኘሁም፤ ግን...”

ግን የምትለውን የሚሰማ አልነበረም። እታለም ከስልኩ ዞር ብላ “አንቺ ልጅ! ሚጡ ምንም የለም አለች! በዓይኗ አይታ ምንም የለም አለች!” ብላ ስትጮህ፣ ልጅቷም ከወዲያ “ተመስገን! ተመስገን!” ስትል ይሰማል። እታለም እየሳቀች ተመለሰች። ሳል ያላቋረጠው እንዲህ ያለ ሳቅ ከተሰማ ወራት አልፈውታል። ዶክተሯ አፏ ላይ የነበረውን ዋጠች።

“ለማንኛውም ሌላ ናሙና ብትልኪልኝ ጥሩ ነበር” አለች ቆይታ።

“ሥራ ላስፈታሽ? ምንም ከሌለ ምን ያደርግልሻል። ይልቅ ስለሻጋታሽ አውሪኝ።”

በሚቀጥለው እሁድ እነግራታለሁ አለች። በሚቀጥለው እሁድ እታለም ተሽሏት ነበር፤ ሾርባ ጠጥታለች፣ ግቢ ውስጥ ተመላልሳለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በሦስተኛው እሁድ ስልኩን ያነሳችው ልጅቷ ናት፤ እናቷ መነጋገር አቅቷታል። ዶክተሯ ወዲያው ለከተማው ሐኪም ደወለች።

“እህትዎ ውጤቱ ንጹህ ነው ብለውኝ እኮ የቲቢውን ቀጠልኩ” አለ ሐኪሙ። ገና ወጣት ነው፤ ድምፁ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። “እህቴ በዓይኗ አይታለች ሲሉኝ እርስዎን ማለታቸው ስለሆነ አልተጠራጠርኩም።”

“ንጹህ አላልኩም። ይደገም ነው ያልኩት።”

“ወረቀቱ አልደረሰኝም ዶክተር። በቃ፣ ዛሬውኑ እወስዳለሁ።”

ሁለተኛው ናሙና ሐሙስ ደረሰ። ዶክተሯ እጇን አላመነችውም፤ ቴክኒሻኗን “አንቺ ዝሪው” አለቻት። ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ ደወለች። ደሙ ጎህ ሲቀድ ጀምሮ ሆስፒታል በር ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ልጅቷ ጭን ላይ አልቋል።

ዶክተሯ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዛ ስትደርስ እታለም ተቀብራ ነበር። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። አንዷ ጎረቤት ለሌላዋ “የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች፤ ስንቱን አድና ለእህቷ ሳትደርስ” ስትል በጆሮዋ ገባ። ከአንጀቷ አዝና ነው ሴትየዋ፤ ክፋት የለበትም። እናም ልጅቷ መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

“አክስቴ፣ አንቺ ባታዪልን ኖሮ ዕድሜ ልኬን ይቆጨኝ ነበር” አለቻት። “ሰው ሁሉ ለምን ትልቅ ሐኪም ጋ አልወሰድሻትም ሲለኝ፣ አክስቴ ራሷ አይታታለች፣ ምንም አልነበረም እለዋለሁ። ያኔ ዝም ይላል። እግዜር ይስጥሽ።”

ዶክተሯ ልጅቷን አቅፋ ቆመች። ሆድ ይፍጀው አለች። ገና እርግጠኛ አይደለሁም ብላም ራሷን አታለለች፤ ማሞቂያው ውስጥ ያለው ሳህን ገና አልታየም። ሦስት ቀን የእታለም አልጋ ላይ ተኛች፣ ያልተሰፉ የሸሚዝ እጅጌዎች በተቆለሉበት ክፍል። ሦስቱንም ቀን ልጅቷ “አክስቴ ብዪ”፣ “አክስቴ ጋደም በዪ” እያለች ተንከባከበቻት። ያ እንክብካቤ ነው ጎኗን የወጋት።

ስትመለስ ቴክኒሻኗ በሩ ላይ ጠበቀቻት። “ሳልነካው ነው የጠበቅኩዎት” አለች።

ሳህኖቹን አወጡ። ሦስቱም ላይ ግራጫ አረንጓዴው መስመሩን ይዞ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በሚገባ እንደተዘራ ገብስ በቅሏል። አንድም ቦታ አልዘለለም። ቴክኒሻኗ ወንበር አምጥታ ከዶክተሯ ኋላ አስቀመጠችላትና ወጥታ በሩን ዘጋችው። ደግነት ነበር፤ ዶክተሯ ግን ባትወጣ ኖሮ ብላ ተመኘች።

የመጀመሪያው ሳህን ተቀቅሎ ተጥሏል። በዚህ ዓለም ላይ ያቺን ቁልፍ የምታህል ክብ ያየ ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ አንዷ ደግሞ ስለምንም የማትናገር ሴት ናት። ዶክተሯ ዝም ብትል ዝም እንዳለች ይቀራል። መዝገቡን ገለጠች፤ “አረም” የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዛ ከጎኑ “የሕመምተኛዋ ነበር” ብላ ጻፈች፣ ፈረመች። ከዚያ ለከተማው ሐኪም ደወለች። ሐኪሙም እታለምን የመሰሉ፣ ቲቢ ያልተገኘባቸው ሁለት ሰዎች አልጋ ላይ እንዳሉት ነገራት። ናሙናቸውን ዛሬ እንዲልክ ተስማሙ።

“ለልጃቸው ግን መንገር አያስፈልግም” አለ ሊዘጋ ሲል። “እናቷን አይመልስላትም። እርስዎም ራስዎን አይጉዱ ዶክተር። ማንም ይሳሳታል።”

“ማንም” የሚለው ቃል አላጽናናትም። ማንም እኮ የእታለም እህት አልነበረም።

ሁለት ቀን ታገለች። ለሰው ሁሉ እውነቱን የጻፈች ሴት ለአንዲት ልጅ ልትዋሽ ነው? በሌላ በኩል ደግሞ የልጅቷ ክንድ አንገቷ ላይ የተጠመጠመበት ቦታ ገና ይሞቃል። ከእታለም የቀረላት ያቺ ልጅ ብቻ ናት። በሦስተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ወደ መናኸሪያው ስልክ ደወለች።

“አክስቴ! ደህና ነሽ? ምሳ በላሽ?”

“በልቻለሁ። ስሚኝ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፤ እስክጨርስ እንዳታቋርጪኝ።”

ሪፖርት እንደምትጽፍ አድርጋ ነገረቻት። ስለ ሳህኑ፣ ስለ መስመሩ፣ ስለ እጇ። “ምንም የለም ያልኳችሁ ልክ አልነበረም። በመጀመሪያውም ቀን ነበረ። አይቼው ነው የጣልኩት” ብላ ጨረሰች።

ከልጅቷ በስተኋላ የአውቶቡስ ሞተር ያጉረመርማል፤ አንድ ሰው ሻንጣ ላይ ይጨቃጨቃል።

“መድኃኒት ነበረው?” አለች ልጅቷ።

“ነበረው።”

“ትድን ነበር?”

“ምናልባት። እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ግን ምናልባት።”

“ለምን ነገርሽኝ?”

“ማወቅ ይገባሻል ብዬ ነው።”

“አይደለም።” ልጅቷ ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ብትጮህባት በተሻላት ነበር። “እኔ እኮ ሳሏን ከጎኗ ተኝቼ እሰማ ነበር። ሐኪም ቤት እንመለስ ስላት፣ ሚጡ ምንም የለም ብላለች ስትለኝ፣ ደክሞኝ ስለነበር ደስ አለኝ። አልተከራከርኳትም። አሁን እንቅልፍ ሲወስደኝ የነበረው አክስቴ አይታታለች እያልኩ ነው። ያለችኝ ያቺ ማጽናኛ ብቻ ነበረች።”

ይህ መዝገብ ላይ የሚጻፍ ነገር አልነበረም። ዶክተሯ የቀራትን እውነት ተናገረች።

“ብቻዬን መያዝ አቃተኝ።”

“እና አካፈልሽኝ” አለች ልጅቷ።

ጥያቄ አልነበረም። በመናኸሪያው ድምፅ ማጉያ የአንድ አውቶቡስ መነሻ ሰዓት ተለፈፈ፣ ተደገመ።

“ተሳፋሪ ቆሞብኛል” አለች ልጅቷ። “ልዝጋው።”

ዘጋችው።